ወይኑን ጠብቀው ድንኳኑን የተዉ ሰዎች

ጥያቄው ከጎንደር ከተማ፣ ከአንዲት እናት የመጣ ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«አያቴ ከዚህ ዓለም ከተለዩ 46 ዓመት ሆናቸው። "ከዚህ ግቢ አረቄም ጠጅም አይሸጥ፣ አይጠጣ" ብለው ለልጆቻቸው ቃል ትተው ሄዱ። የኅዳር ሚካኤልን ዝክር እንኳ የምናወጣው በጠላ ሳይሆን በብርዝ ነው፤ ሰፈሩ "የብርዝ ቤት" ይለናል። እናቴ ቃሉን ጠበቀች፣ እኔም ጠበቅሁ። አሁን የበኩር ልጄ ወደ አስፋልቱ የሚያየውን ክፍል ግሮሰሪ ልክፈትበት ብሎ አስጨነቀኝ። "የአያትሽ ቃል ወንጌል አይደለም" ይለኛል። ውጭ አገር ያለችው እኅቱም ከእሱ ጋር ናት። የአያቴ ቃል እኛን ያስረናል? ልጄ እንቢ ካለስ ልገዝተው ይገባኛል? አያቴ ይህን ያሉት ወንድማቸው በሠርግ ቤት በሰካራም እጅ ከሞተ በኋላ ነው፤ የቤት ገመና ስለሆነ ግን ለልጆቼ ተናግሬው አላውቅም። ሲናገሩ በጆሯቸው የሰሙ አንዲት የ88 ዓመት አክስት አሉኝ።»

እናቴ፣ ልጅዎ ያለው እውነት ነው። የአያትዎ ቃል ወንጌል አይደለም። ይህን ማመን እርስዎን አይጎዳም፤ እንዲያውም ከማያስፈልግ ክርክር ያሳርፍዎታል። ወይን በራሱ ርኩስ አይደለም። መዝሙረኛው የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ ዘምሯል፤ ጌታችንም በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን የወይን ጠጅ አድርጎታል። ስእለትም ቢሆን፣ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 እንደተጻፈው፣ የሚያስረው አፉን ከፍቶ የተሳለውን ሰው ነው። «አያቴ ቃል ስላሰሩ አንተ ኃጢአተኛ ነህ» ሊሉት አይችሉም።

ነገር ግን ልክ እንደ አያትዎ ለልጆቹ ቃል ትቶ የሞተ አንድ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ አለ። የእሱም ቃል ከሙሴ ሕግ የተቀዳ አልነበረም። እግዚአብሔር ግን በነቢዩ አፍ ስሙን ጠርቶ ልጆቹን አመስግኖለታል። ይህ ሰው የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብ ነው። አብርሃምና ዳዊት በሚነሡበት ዐውደ ምሕረት የእሱ ስም ብዙም አይሰማም፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ከእሱ የቀረበ መልስ የሚሰጥ አላውቅም።

ዘሩ ከቄናውያን ነው፤ አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ይህን ይነግረናል። ቄናውያን የሙሴ አማት ወገኖች ናቸው፤ ከእስራኤል ጋር ተጠግተው የኖሩ እንጂ ከያዕቆብ ጉልበት የወጡ አይደሉም። ሲሣራን በድንኳኗ የገደለችው ኢያዔል የቄናዊው የሔቤር ሚስት ነበረች። በአገሩ ላይ እንግዳ፣ በእምነቱ ግን ባለቤት የሆነ ቤት ነው።

ኢዮናዳብን መጀመሪያ የምናገኘው በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 841 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ኢዩ የአክዓብን ቤት እያጠፋ ወደ ሰማርያ ሲገሰግስ መንገድ ላይ አገኘው። «ልብህ ከልቤ ጋር ቅን ነውን?» ብሎ ጠየቀው። «ነው» አለ። «እንግዲያስ እጅህን ስጠኝ» ብሎ ወደ ሠረገላው ሳበው። ኢዮናዳብ ከኢዩ ጋር ወደ በኣል ቤት ገባ፤ በዚያ ቀን የፈሰሰውን ደም በዓይኑ አይቷል። ኢዩ ከዚያ ቀደም ብሎ በኢይዝራኤል ያፈሰሰውን ደም ደግሞ በኋላ ነቢዩ ሆሴዕ በኢዩ ቤት ላይ የሚጠየቅ በደል ብሎ ጠቅሶታል። ይህን የማነሣው ነውር ለመፈለግ አይደለም። ቃሉ የዘለቀለት አባት እድፍ ያልነካው ሰው አልነበረም፤ እርስዎም አያትዎን በልጆችዎ ፊት እንደ ጻድቅ ሊሥሉ አይገደዱም።

ለልጆቹ የተወው ትእዛዝ በኤርምያስ ምዕራፍ 35 ተጽፏል፤ በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር ምዕራፍ 42 ነው። የወይን ጠጅ አትጠጡ፤ ቤት አትሥሩ፤ ዘር አትዝሩ፤ ወይን አትትከሉ፤ ዕድሜያችሁን ሁሉ በድንኳን ኑሩ። ለምን? «እንግዶች ሆናችሁ በተቀመጣችሁባት ምድር ብዙ ዘመን እንድትኖሩ»። የእኔ ግምት እንዲህ ነው፤ ይህ ሰው የነገሥታትን ቤት ከውስጥ አይቷል፤ ድሎትና ጣዖት እንዴት ተጎራብተው እንደሚኖሩ አይቷል፤ ስለዚህ ልጆቹን ከከተማው ደጅ አራቃቸው።

ከዚያ መጽሐፉ ስለ እነሱ ዝም ይላል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት አይደለም፤ ወደ 240 ዓመት። እኛ ጋብቻ ስናስብ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ይህ ዘመን ሰባት ቤት ያልፋል። የሰማርያ መንግሥት ፈረሰ፣ ዐሥሩ ነገድ ተማረከ፣ በይሁዳ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ተተካ። በኢዮአቄም ዘመን የናቡከደነፆር ጦር ምድሪቱን ሲወርር እነዚያ የድንኳን ሰዎች ከነቤተሰባቸው በኢየሩሳሌም ጎዳና ታዩ። እግዚአብሔርም ኤርምያስን «ወደ ሬካባውያን ቤት ሂድ፣ ወደ ቤተ መቅደስ አግባቸው፣ የወይን ጠጅ አጠጣቸው» አለው።

ጎንደር መጻሕፍት ቤት ሳለሁ ይህን ምዕራፍ ያስኬዱን የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ንባቡን አስቆሙና በየተራ ጠየቁን። «ማን ጋበዛቸው?» ነቢዩ አልን። «የት?» በቤተ መቅደስ፣ በእግዚአብሔር ሰው ልጆች ጓዳ። «በምን?» ማድጋው ሞልቶ፣ ጽዋው ተደርድሮ። «የሚያያቸው ዘመድ ነበር? አባታቸው በሕይወት አለ?» የለም አልን። «ታዲያ ለምን አልጠጡም?» ዝም አልን። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው፣ «ከዚያ ሁሉ ድምፅ ይልቅ የሞተው አባት ድምፅ በጆሯቸው ቀርቦ ነበራ» አሉ።

ፈተናው ቀላል እንዳይመስልዎት። ከይሁዳ የመጣ አንድ የእግዚአብሔር ሰው በሽማግሌ ነቢይ ቃል ተታሎ የተከለከለውን እንጀራ ስለ በላ አንበሳ እንደ ሰበረው በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 13 እናነባለን። ሬካባውያን ደግሞ በእውነተኛ ነቢይ ተጋብዘው ነው ጽዋውን ያልነኩት። ያእዛንያ የሚባለው አለቃቸውና ወንድሞቹ በአንድ ቃል መለሱ፤ «የወይን ጠጅ አንጠጣም፤ አባታችን የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብ አዝዞናል። እኛም፣ ሚስቶቻችንም፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችንም ቃሉን ሰምተናል»።

«ሰምተናል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። በአማርኛችን «ልጄ አይሰማኝም» ስንል ጆሮው ደነቆረ ማለታችን አይደለም፤ በዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። የምዕራፉ ቁልፍ ይህ ነው። እግዚአብሔር የይሁዳን ሰዎች ሲወቅስ «ለምን ወይን ትጠጣላችሁ?» አላላቸውም፤ በድንኳን ኑሩም አላላቸውም። የወቀሳቸው እንዲህ ብሎ ነው፦ አንዴ ተናግሮ የሞተ ሰው ልጆቹ እስከ ዛሬ ይሰሙታል፤ እኔ ግን በማለዳ ተነሥቼ ነቢያትን እየላክሁ ነገርኋችሁ፣ አልሰማችሁኝም። የተመሰገነው ክልከላው ሳይሆን መስማታቸው ነው። የአያትዎ ቃል ወንጌል አይደለም የሚለው ልጅዎ ልክ ነው ያልሁት ለዚህ ነው። ሆኖም የአባቱን ቃል መስማት የለመደ ጆሮ የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት ይቀርባል፤ እግዚአብሔርም ይህን ከንቱ አላለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሬካባውያን ለኤርምያስ መልስ ሲሰጡ ሳይጠየቁ አንድ ነገር ጨመሩ። የናቡከደነፆር ጦር ሲመጣ፣ «ከከለዳውያንና ከሶርያውያን ሠራዊት ፊት ወደ ኢየሩሳሌም እንግባ አልን፤ አሁን በኢየሩሳሌም ተቀምጠናል» አሉ። የኢዮናዳብ ትእዛዝ በድንኳን ኑሩ ይል የለም? ሰዎቹ ግን ሰይፍ ሲመጣ ሜዳውን ትተው ከቅጥር ውስጥ ገብተዋል፤ መግባታቸውንም አልደበቁም። እግዚአብሔርም ስለዚህ አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገራቸውም። «አባታችሁ ያዘዛችሁን ሁሉ ጠብቃችኋል» ነው ያላቸው።

ድንኳኑን ለቀቁ፣ ወይኑን ያዙ። የትኛው በዘመን ግፊት ሊለወጥ እንደሚችልና የትኛው ከተለወጠ ቤቱ ሌላ ቤት እንደሚሆን ለይተው ያውቁ ነበር። ይህን መለየት የሚችል ደግሞ የቃሉን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቃሉን ያለ ምክንያቱ የተቀበለ ሰው ወይ ድንኳኑንም እንደ ወይኑ አጥብቆ ይሞታል፣ ወይ ደግሞ ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት ወይኑንም አብሮ ይጥላል። የብዙ ቤቶቻችን ሥርዓት በዚህ ሁለተኛው መንገድ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል።

በእኛው አካባቢ ምሳሌ አለ። ከከተማችን ወጣ ብሎ በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ከአስተሥርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድን ያከብሩ ነበር። ጾመው ተራራ ይወጣሉ፤ ቄሶቻቸው ኦሪቱን በግእዝ ያነብባሉ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ይሰግዳሉ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሲሄዱ ተራራው ጎንደር ቀረ፤ ስግድ ግን አብሯቸው ሄደ። ዛሬ በኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። እኛም ብንሆን፣ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ካቃጠሉ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከመሰሉ ጥቂቶች በቀር ዛሬ የምንሳለመው በኋላ የተሠራ ግድግዳ ነው፤ ቅዳሴው ግን ያው ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ቤት ድንኳን የትኛው ነው? ወይኑስ? ከውጭ ሆኜ መፍረድ ይከብደኛል፤ ከጻፉልኝ ተነሥቼ ግን ልናገር። ዝክሩ በብርዝ መሆኑ፣ በኅዳር 12 ቀን ብቻ መሆኑ፣ በዚያው ግቢ መደረጉ ድንኳን ይመስለኛል። ውጭ አገር ያለችው ልጅዎ በዕለቱ ሥራ ከያዛት በሰንበት ብታደርገው፣ ማር አጥታ በዳቦና በውኃ ብትዘክር ቃሉ አልፈረሰም። ወይኑ ግን «የእኛ ደጅ የሌላ ሰው እናት የምታለቅስበት ደጅ አይሁን» የሚለው ነው። አያትዎ በእነዚህ ቃላት አልተናገሩት ይሆናል፤ ወንድሙን በስካር ቢላዋ ያጣ ሰው «አረቄ አይሸጥ» ሲል ግን ሌላ ምን ማለቱ ነው?

እዚህ ላይ ልወቅስዎት ነው፤ በፍቅር ይቀበሉኝ። ስለ ግሮሰሪው ብዙ ጻፉልኝ፤ ስለ አያትዎ ወንድም አሟሟት ግን በአንድ መስመር አለፉ። ለልጆችዎም ያደረጉት እንደዚያው ነው። ክልከላውን አወረሷቸው፣ ምክንያቱን ግን እንደ ገመና ደበቁባቸው። ልጅዎ የሰማው «አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው። ያ ልጅ ባለጌ አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ነው። ሬካባውያን ግን ለነቢዩ ሲመልሱ የአባታቸውን ስም፣ የትእዛዙን ዝርዝር፣ የታዘዘበትን ምክንያት አንድ በአንድ ቆጥረው ነው። ሰባት ቤት ያለፈው ትእዛዙ ብቻውን ሳይሆን ታሪኩም ጭምር ነበር።

ስለ ግዝት ላንሣ። በአብያተ ክርስቲያናታችን የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሰረቀ፣ የሸጠ፣ የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል። አባቶቻችን ለመጽሐፍ ጥበቃ የጻፉትን እኛ ለልጅ ጥበቃ እናውለዋለን። የኢዮናዳብን ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች ቢያነቡት ግን እርግማን የለበትም። «ብትጠጡ ትጠፋላችሁ» አላለም፤ «ብዙ ዘመን እንድትኖሩ» ነው ያለው። «አባትህንና እናትህን አክብር» የምትለዋ ትእዛዝም «ዕድሜህ እንዲረዝም» በሚል ተስፋ ነው የተቋጨችው። ግዝት ከመጀመሪያውም የካህን ሥልጣን ነው፤ በቁጣ ቀን በእናት አፍ ሲወጣ ልጁን ከቤቱ ያርቀዋል እንጂ ወደ ቃሉ አይመልሰውም። በኤርምያስ ዘመን የነበሩት ሰዎች «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» እያሉ ሲተርቱ ነቢዩ ይህ ተረት የሚቀርበት ዘመን ይመጣል ብሏል። ይህን የጻፈ ነቢይ ነው ሬካባውያንን ያመሰገነው፤ ሁለቱን አብረው ያንብቡ። አይግዘቱት፤ እለምንዎታለሁ።

የአባት መልካምነት በራሱ ለልጅ እንደማይተላለፍ ሊያዩ ከፈለጉ ደግሞ ቀጣዩን ምዕራፍ ይግለጡ። ንጉሡ ኢዮአቄም የጻድቁ ንጉሥ የኢዮስያስ ልጅ ነው። ኢዮስያስ የሕጉ መጽሐፍ ሲነበብለት ደንግጦ ልብሱን ቀደደ። ልጁ ኢዮአቄም በዘጠነኛው ወር እሳት ፊት ተቀምጦ የኤርምያስ መጽሐፍ ሲነበብለት፣ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በብርዕ መቍረጫ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው። አባት ልብሱን ቀደደ፣ ልጅ መጽሐፉን ቀደደ። ቤተ መንግሥት፣ ካህናት፣ ጸሐፊዎች ያሉት ቤት በአንድ ትውልድ ያጣውን፣ መሬት የሌላቸው የድንኳን ሰዎች ከሰባት ቤት በላይ አቆይተውታል።

እግዚአብሔር ለኢዮናዳብ የሰጠው ተስፋ «በፊቴ የሚቆም ሰው ከዘርህ አይታጣም» የሚል ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ሄጌሲጶስ የጻፈውን ጠቅሶ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ እንደሚነግረን፣ የጌታ ወንድም ያዕቆብ በኢየሩሳሌም በድንጋይ ሲወገር «ተዉ፣ ምን ታደርጋላችሁ? ጻድቁ ስለ እናንተ እየጸለየ ነው» ብሎ የጮኸው ከሬካብ ልጆች ወገን የሆነ ካህን ነበር። በእኛም ትውፊት የብሔረ ብፁዓን ሰዎች ሲነሡ የእነዚሁ የሬካብ ልጆች ስም አብሮ ይነሣል። በሰባ ሊቃናት ደግሞ መዝሙር 70 የዳዊት፣ የኢዮናዳብ ልጆችና የመጀመሪያዎቹ ምርኮኞች የሚል ርእስ አለው። ያ መዝሙር የሽማግሌ ጸሎት ነው፤ «እስካረጅና እስክሸብት አትተወኝ፤ ለሚመጣ ትውልድ ሁሉ ክንድህን እስክነግር ድረስ» ይላል። መዝሙረ ዳዊትዎን ይዘው ማታ ማታ ይድገሙት፤ በልጅ የተጨነቀ ሰው የሚያሳርፍ ጸሎት ነው።

ልጅዎን ስለ ክፍሉ ሲያናግሩት አንድ ነገር አይርሱ። የጠየቀው መጠጥ አይደለም፤ እንጀራ ነው። «አይሆንም» ብለው ብቻ ከተቀመጡ አያትዎ የተናገሩትን ቃል የእሱ ድህነት ምክንያት አድርገው ይሰጡታል። ወደ አስፋልት የሚያይ ክፍል ዳቦ ቤት ይሆናል፣ ሻይ ቤት ይሆናል፣ የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጥበታል። ሰፈሩ ብርዝዎን በስም የሚያውቅ ከሆነ ብርዝና ዳቦ የሚሸጥ ቤትም ሊሆን ይችላል። የገቢውን ልዩነት ከእሱ ጋር ቁጭ ብለው ይቁጠሩ፤ ከጎደለው እርስዎም ከኪራዩ ይቀንሱለት። ቃል መጠበቅ ዋጋ ካለው ዋጋው በልጁ ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አክስትዎ አሉ። የ88 ዓመት ሴት ናቸው፤ ኅዳርን አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት ልጅዎን ይዘውት ይሂዱ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ፣ እሳቸው ይናገሩ። አጎታቸው ማን ይባሉ እንደነበር፣ ሠርጉ የማን እንደነበር፣ አስከሬኑ ወደ ቤት ሲገባ አያትዎ የት ቆመው እንደነበር፣ ቃሉን የተናገሩት በዚያው ሌሊት ይሁን በተዝካሩ ቀን ይጠይቃቸው። ልጅዎ በስልኩ ድምፃቸውን ይቅዳና ለእኅቱ ይላክላት። ስለ ክፍሉ የምትነጋገሩት ከዚያ ስትመለሱ ነው።